«ስንተኛ ወጣህ?» ከማለታችን በፊት

አርብ ማታ ነው። እንግዶቹ ተሸኝተዋል፤ ሳህኑ ታጥቧል፤ አንቺም ክፍልሽ ገብተሽ ስልክሽን ከፍተሻል። ኩዌትና ኢትዮጵያ በሰዓት አንድ ስለሆኑ እዚያም መሽቷል። ኢሞው ሁለት ሦስቴ ከተቆራረጠ በኋላ የልጅሽ ፊት ብቅ ይላል። ምናልባት ልጅሽ ሳይሆን ታናሽ ወንድምሽ ወይም የእህትሽ ልጅ ይሆናል፤ ብቻ የትምህርት ቤት ክፍያውን የምትልኪለት ልጅ ነው። በላህ? ጤና ነህ? አያትህ ደህና ናት? ካልሽ በኋላ አንድ የማትቀር ጥያቄ አለች፤ «ስንተኛ ወጣህ?»

«አራተኛ» ካለሽ ደስ ብሎሽ ትተኛለሽ። «ሃያ ሁለተኛ» ካለሽ ሌሊቱን ስትገላበጪ ታድሪያለሽ። እኔም ለታናናሾቼ ይህንኑ ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ላወራሽ የፈለግሁት ግን ይህች ጥያቄ ብቻዋን ምንም እንደማትነግረን ነው። (ሹፌርና ጥበቃ የሆንክ ወንድሜ፣ በ«አንቺ» ብጽፍም አንተንም ይመለከታል።)

ጃብሪያ የምትሠራ አንዲት እህት ያጫወተችኝን ላንሳ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከደሞዟ እየቀነሰች ልጇን ደሴ የግል ትምህርት ቤት አስተማረች። ልጁ ከ60 ተማሪ ሦስተኛ፣ አራተኛ እንጂ ከዚያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ለዕረፍት አገሯ ስትገባ ስለ ቤቷ ይዞታ ከቀበሌ የመጣ ደብዳቤ ነበርና «እስቲ አንብብልኝ» አለችው። ልጁ ቆሞ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሳይደናቀፍ አነበበላት። እናት ኮራች። «ምን ይላል ታዲያ?» ስትለው ዝም አለ። ደግሞ አነበበው። አሁንም «ምን ማለት ነው?» ስትለው፣ «እማዬ፣ ይህን አላስተማሩንም» አላት።

ልጁ ሰነፍ አይደለም። የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልስ ልጅ ነው። የተጠየቀው ግን ሁልጊዜ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን መልሶ መጻፍ ብቻ ነበር። ደረጃውም ያን የሚለካ ደረጃ ነው።

ይህ የአንድ ቤት ችግር ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 መጀመሪያ ላይ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,100 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ከፍ እያለ ነው፤ ግን ከመቶ ዘጠና ልጅ በላይ ወድቆ «ከፍ አለ» ማለት ምላስ ላይ ይከብዳል። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ከ1ኛ እስከ 11ኛ ክፍል «ስንተኛ ወጣህ?» ሲባሉ ጥሩ ጥሩ መልስ ሲሰጡ የኖሩ ናቸው። የስንቱ ክፍያ ከሳልሚያ፣ ከሀዋሊ፣ ከፈርዋኒያና ከጀህራ እንደሄደ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ነገሩ ደግሞ 12ኛ ክፍል ላይ አልተጀመረም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። አንዳንዶቹ እዚሁ ኩዌት አብረውን ይሠራሉ።

ይህ ሲነገር ብዙ ሰው ወዲያው የሚወነጅለው የድሮውን ትምህርት ነው። «ሽምደዳ ነው፣ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይደግማል፣ ከቄስ ትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለማስረዳት ወደዚያ ትምህርት ቤት ትንሽ መለስ ልበል።

አባትሽ ወይም አያትሽ ቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ከሆነ ታውቂዋለሽ። ዛፍ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊደል በእንጨት እየነኩ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ማለት። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያ ወንጌል፣ ከዚያ ዳዊት። ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ድግስ ይደግሳል፤ መምህሩም ይመረቅበታል። ግዕዙን ልጁ አይሰማውም፤ ድምፁን ብቻ ነው የሚይዘው። እስልምና ቤት ያደግሽ ከሆንሽ ደግሞ ሎሁን ታስታውሺያለሽ። በእንጨቷ ላይ በቀለም ተጽፎ፣ በቃል ተይዞ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ተጽፎ፣ ቁርዓኑ እስኪኸተም ድረስ። በወሎ እንደ ዳናና ጥሩ ሲና ባሉ ቦታዎች ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ በሸኁ ሥር ዓመታት ይቀመጥ ነበር። ቆሎ ተማሪውም ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በየደጁ እየለመነ ነበር የሚማረው።

የምትሠሪበት ቤት ያሉ ሽማግሌ ባባ ቢያጫውቱሽ ከዚህ የራቀ ነገር አይነግሩሽም። ነዳጅ ከመምጣቱ በፊት የኩዌት ልጅ ቁርዓንና ጥቂት ሒሳብ የሚማረው ሙላ በሚሉት ሰው ቤት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሴቶቹን ልጆች ሙጠወዓ የምትባል ሴት በቤቷ ታስተምራቸው ነበር። የመጀመሪያው መደበኛ ትምህርት ቤት አል-ሙባረኪያ የተከፈተው በ1911 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙም እንደ ሙባረኪያ ገበያ ከሼክ ሙባረክ አል-ሳባህ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1908 እ.ኤ.አ. ነበርና በሦስት ዓመት እንቀድማቸዋለን። ሁለቱም አገሮች መምህር ከውጭ አስመጡ፤ የእኛው ከግብፅ ኮፕቶችን፣ እነሱ ከ1936 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍልስጤማውያንን። እንግዲህ በአንድ ምንጣፍ ላይ ጀምረን፣ በአንድ ዘመን ወደ ሰሌዳ የተሻገርን ሰዎች ነን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ በነዳጅ ብቻ ማስረዳት ይቻል እንደሆነ ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን።

ወደ ቄስ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ሰው የሚረሳው፣ በቃል መያዙ የመጀመሪያው ደጃፍ ብቻ እንደነበረ ነው። ከንባብ ቤት በኋላ ዜማ ቤት አለ፤ ቅኔ ቤት አለ፤ መጽሐፍ ቤት አለ። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሌላ ሰው ነገር በመድገም አንድ ቀን አይውልም። ግሱንና አገባቡን ከመምህሩ ይቀበላል። ይህ በቃል ነው፤ ቀልድ የለውም። ከዚያ ግን ብቻውን ወደ ጫካ ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወርዶ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ እስከ ረዥሙ መወድስ ይደርሳል። ማታ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ሰሙን ያያሉ፤ ወርቁን ያያሉ፤ የተሰበረውን ያርማሉ። በማግስቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት። የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የጓደኛን ቅኔ የራስ አድርጎ መናገር ደግሞ ከነውርም በላይ ነው።

አየሽ፣ መምህሩ መሃል ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም «ተማሪ ተኮር» አይለውም። ተማሪው ግን በየቀኑ ከራሱ አእምሮ አዲስ ነገር ካላወጣ አያልፍም። በጎጃም ጽላሎ ቅኔ ያስተማሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቢ። ዐይነ ስውር ነበሩ። ከአባታቸው ተምረው፣ ሴት ልጅ በማይታይበት ጉባኤ ወንበር ዘርግተው ወንዶችን አስተማሩ። ሰሌዳ አላዩም፤ ደብተር አልገለበጡም። ሁሉንም በጆሮ ተቀበሉ፤ በአእምሮ አሰናዱ፤ በአንደበት ሰጡ። በቃል መያዝ አእምሮን ያደነዝዛል የሚል ሰው እሳቸውን ምን ሊላቸው ነው?

ያንን ትምህርት ቤት ገነት አድርጌ መሳሌ አይደለም። አለንጋው ነበር። ሴቶች በአብዛኛው ከደጅ ቀርተዋል፤ እማሆይ ገላነሽ ስማቸው የሚነሳው ብርቅ ስለሆኑ ነው። ብዙው ልጅ ደግሞ ዳዊት ላይ ያቆማል፤ ቅኔ ቤት የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የእኔ ቅሬታ ይህ ነው፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ከአያቶቻችን ትምህርት የመጀመሪያውን ደጃፍ ብቻ ወረሰ። ድገም የሚለውን ወሰደ፤ አምጣ የሚለውን ተወ።

ከዚያ ደግሞ ለማስተካከል የተደረገው ነገር ሌላ ጣጣ አመጣ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን መሃል ላይ የሚያስቀምጥ ትምህርት ይሰጣል ተብሎ ነበር። ዐሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባላቸው። ዕድሜሽ ሠላሳዎቹ ውስጥ ከሆነ ይህን ለአንቺ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣል። ሴትዮዋ በፈጣን እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ሰከንድ ትቆጥራለች፤ ገና እርሳስሽን ሳታነሺ «በጣም ጥሩ!» ብላ ታልፋለች። መምህሩ ግድግዳ ተደግፎ አብሮ ያያል። ከዚያ የበለጠ መምህር ተኮር ትምህርት በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም፤ መምህርቷ ተማሪውን አታይም፣ አትሰማም፣ እንዳልገባውም አታውቅም። የዛፍ ሥሩ ዓይናማ መሪጌታ ቢያንስ እያንዳንዱን ልጅ ተራ በተራ ያስነብቡ ነበር።

ከፕላዝማው በኋላ «አንድ ለአምስት» መጣ። ጎበዝና ደካማ በአንድ ቡድን ተቀምጠው ይረዳዳሉ ተባለ። 70 ልጅ በታጨቀበት ክፍል የሆነው ግን ጎበዙ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ኩረጃውን ክፍል ውስጥ አስለመድነውና ፈተናው ላይ ሲኮርጁ ተደነቅን።

እዚህ ላይ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ለድሃ ልጅ መምህር መሃል ላይ መቆሙ መልካም ነው። የሀብታም ልጅ መምህሩ ባያስተምረው ቤቱ ያስተምረዋል፤ መጽሐፍ አለው፣ የተማሩ ወላጆች አሉት፣ አስጠኚ ይቀጠርለታል። ይህን የምትሠሪበት ቤት ውስጥ በዓይንሽ ታዪዋለሽ፤ ልጁ ከመድረሳ መጥቶ ዋጂቡን ሲሠራ የግል አስተማሪ አጠገቡ ይቀመጣል። ያንቺ ልጅ ግን ቤቱ ያለችው አያቱ ናት። እሷም ፊደል ላትለይ ትችላለች። እናቱ ኩዌት ናት። «ተማሪው ራሱ ፈልጎ ያግኘው» ቢባል ከየት ያገኘዋል? ለእሱ መምህሩ የቀረችው መስኮት ናት። መምህሩ ዕውቀቱን በሥርዓት ሊሰጠው፣ ሊጠይቀው፣ ሲሳሳት ሊያርመው ይገባል።

ይህን ክርክር እኛ ብቻ አልጀመርነውም። በ1930ዎቹ አሜሪካ ዊልያም ባግሊ የሚባሉ የትምህርት ሰው፣ ትምህርት ቤት የልጁን ዝንባሌ ብቻ እየተከተለ ማንበብን፣ መጻፍንና ሒሳብን ችላ ማለቱን ተቃውመው ተከራክረው ነበር። በሌላው ወገን ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ አሉ። እሳቸው የሚያወግዙት ትምህርት አንቺ በቀላሉ የምትረጂው ነው፤ ተማሪውን እንደ ባንክ ሒሳብ ቆጥሮ መምህሩ በየቀኑ የሚያስገባበት፣ ተማሪውም ዝም ብሎ የሚቀበልበት ትምህርት። እኚህ ሰው በ1963 እ.ኤ.አ. በብራዚል አንጂኮስ 300 ያህል ሠራተኞችን ማንበብ ያስተማሩት ከራሳቸው ከሠራተኞቹ ኑሮ በተወሰዱ ቃላት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተቃራኒ ናቸው ይባላል። እኔ ግን ቅኔ ቤቱ ሁለቱንም በአንድ ጎጆ ያስታረቃቸው ይመስለኛል፤ ቀን መምህሩ ይሰጣሉ፣ ማታ ተማሪው ያመጣል።

አሁን ስለ ልጁ ትተን ስለ አንቺ እናውራ። ዐረብኛ እንዴት ተማርሽ? ስትመጪ «ጂቢ» እና «ሩሒ» እንኳ ግራ ገብቶሽ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ ከማዳም ጋር ተግባባሽ፤ በዓመትሽ ጀምዒያ ሄደሽ ዋጋ ተከራከርሽ፤ አሁን ስልክ ላይ ስታወሪ የሰማሽ ሰው እዚሁ የተወለድሽ ይመስለዋል። ሰሌዳ የለ፣ ፕላዝማ የለ። ዓመታት የተማርሽው እንግሊዝኛ ግን የት እንደደረሰ አንቺው ታውቂያለሽ። ኑሮ ከትምህርት ቤት የተሻለ መምህር ነው ያሰኛል።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሁሉ ዐረብኛ እያወቅሽ የፈረምሽውን ኮንትራት ታነቢዋለሽ? አብዛኞቻችን አናነበውም። ኑሮ አፍ ያስፈታል፤ ፊደል አያስቆጥርም። ወጥ ቤት ውስጥ መናገርና መታዘዝ ይለመዳል፤ ወረቀት ላይ ያለውን ማንበብ፣ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን አይለመድም። ለዚህ ነው ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው። ኑሮ የሚያስተምረውን ኑሮ ያስተምረው፤ ትምህርት ቤት ኑሮ የማያስተምረውን ያስተምር።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወደ ውጭ ለሥራ የሚሄድ ሰው ቢያንስ 8ኛ ክፍል የጨረሰ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ የተማረ ሰው መብቱን ያውቃል ነው። ችግሩ 8ኛ ክፍል መጨረስ ራሱ ምን እንደሚያስችል ማንም አለመጠየቁ ነው። እዚህ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የቤት ሠራተኞች ሕግ አለ፤ ቁጥር 68። የሥራ ሰዓት በቀን ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ከነደሞዙ እንዲሰጥ፣ አሠሪ ፓስፖርት እንዳይዝ ይላል። ኮንትራትሽ ሲያበቃ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደሞዝ ይከፈልሻል። ደሞዝሽ 100 ዲናር ከሆነና ሁለት ዓመት ከሠራሽ 200 ዲናር ማለት ነው። ይህን ሒሳብ 3ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ያወጣዋል። ሒሳቡ አይደለም የጎደለን። ወረቀት ከፊታችን ሲቀርብ መጠየቅ እንደሚቻል የሚነግረን ሰው ነው የጎደለን። «ዝም ብለሽ ፈርሚ» ስንባል ዝም ብለን የምንፈርመው፣ ክፍል ውስጥ «ዝም ብለሽ ጻፊ» እየተባልን አድገን ነው።

አንዳንድ እህቶች ይህን ሲሰሙ ወደ ሌላ ጫፍ ይሄዳሉ። «ታዲያ ይህ ሁሉ ታሪክና ባዮሎጂ ምን ያደርጋል? ሙያ አስተምረው ይልቀቁልኝ» ይላሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ዲግሪ ይዞ ቤት የተቀመጠ ወንድም ያላት ሴት እንዲህ ብትል አይፈረድባትም። ግን አገራችን ይህን መንገድ አንዴ ሞክራው ነበር። በ1964 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የተባለው ጥናት አብዛኛው ልጅ ለገጠር ኑሮ የሚጠቅም የአራት ዓመት ትምህርት ተምሮ እንዲበቃው ሐሳብ አቀረበ። በወረቀት ላይ መልካም ይመስላል። መምህራንና ወላጆች ግን ተነሡበት፤ የመምህራኑ አድማ የየካቲት 1966 ዓ.ም. ማዕበል አንዱ ወገን ሆነ። ወላጆቹ የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነበር፤ «ሙያ የሚማረው የማን ልጅ ነው? ቀለም የሚማረውስ የማን?» ጥያቄው ዛሬም አልሞተም። የምትሠሪበት ቤት ልጅ ሙያ ብቻ እንዲማር የሚመኝለት ሰው አለ? ለእሱ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ታሪኩም፣ ቋንቋውም ይገባዋል። ያንቺስ ልጅ ለምን ይቀርበታል?

ስለዚህ ትምህርት ቤት ምን ያስተምር ብትይኝ መልሴ አጭር ነው። አንብቦ መረዳት ያስተምር፤ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በየትኛውም ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ። ሒሳብ ያስተምር፤ ዲናር ስንት ብር እንደሆነ፣ በመቶኛ የሚቆረጠው ስንት እንደሆነ እስኪያውቅ። የአገሩን ታሪክና ሕግ ያስተምር። በቃሉም ያስይዘው፤ የማባዛት ሠንጠረዥን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ወደፊት መሄድ አይችልም። ከዚያ ግን ቅኔ ቤቱ እንደሚያደርገው «አሁን የራስህን አምጣ» ይበለው። እጁን አውጥቶ «መምህር፣ አልገባኝም» የሚል ልጅ የማይቆጡበት ክፍል ይሁን። አክብሮት ይኑር፤ ፍርሃት ይቅር። ሁለቱን አንድ አድርገን ስላደግን መለየቱ ያስቸግረናል።

አንቺ ከዚህ ሆነሽ የትምህርት ፖሊሲ አትለውጪም። ግን ክፍያውን የምትከፍዪው አንቺ ነሽ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመምህሩን ስልክ ከአያቱ ተቀብለሽ፣ በእንዴት አሉ መምህር ጀምረሽ፣ ልጁ ደረጃው ስንት እንደሆነ ሳይሆን ያነበበውን በራሱ ቃል መናገር ይችል እንደሆነ ጠይቂያቸው። ብዙ መምህራን ይህን የሚጠይቃቸው ወላጅ አጥተው ነው ዝም ያሉት። ደሞዛቸው አነስተኛ ነው፤ ክፍላቸው የተጨናነቀ ነው። ከኩዌት ደውሎ የሚጠይቅ ወላጅ ያላት ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ ትታወቃለች። የግል ትምህርት ቤት ለመምረጥ ካሰብሽም በሕንፃውና በዩኒፎርሙ፣ «ሁሉ ነገር በእንግሊዝኛ ነው» በሚለው አትሸወጂ። እህትሽን ልከሽ አንድ ክፍል ውስጥ ልጆች ሲጠይቁ ይሰማ እንደሆነ፣ ወይስ የጠመኔ ድምፅ ብቻ ይሰማ እንደሆነ ታጣራልሽ።

አርብ ማታ ስትደውዪም ጥያቄሽን ቀይሪ። «መጽሐፍህን አምጣ፤ አንድ ገጽ አንብብልኝ» በዪው። ካነበበ በኋላ «አሁን መጽሐፉን ዝጋና ለአያትህ እንደምትነግራት አድርገህ ንገረኝ።» ማንበብ ባትችዪም ይህን ማድረግ ትችያለሽ፤ የሚነግርሽ ነገር ትርጉም ይኑረው አይኑረው ጆሮሽ ያውቀዋል። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ይኮሳተራል፤ ያፍራል፤ ኔትወርኩ ተቆረጠ ብሎም ሊያታልልሽ ይሞክራል። አትልቀቂው።

ጃብሪያ ያለችው እህት ከዕረፍቷ ከተመለሰች ጀምሮ ይህን ታደርጋለች። ልጇ አሁን 7ኛ ክፍል ነው፤ ደረጃው ከአራተኛ ወደ ዘጠነኛ ወርዷል። መጀመሪያ ደነገጠች፤ በኋላ ስትጠይቅ ልጁ መገልበጥ ትቶ ራሱ መሥራት ስለጀመረ እንደሆነ መምህሩ ነገሯት። ባለፈው አርብ ስለ ዜግነት መብትና ግዴታ የሚል ምንባብ አነበበላት። «ውል» የሚል ቃል ላይ ሲደርስ ቆመና ምን ማለት እንደሆነ ጠየቃት። ሁለት ሰው ተስማምቶ የሚፈርምበት ወረቀት ነው አለችው።

«እማዬ፣ አንቺም ፈርመሻል አይደል? ምን ይላል?»

አነበበችው አላነበበችው አልነገረችውም። ስልኩን ዘግታ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ ወረቀቱን አወጣች። በሚቀጥለው አርብ ይዛው ልትመጣ ተቀጣጥረናል፤ ዐረብኛ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው አለን።